የዒልም ቃላትን ለማያውቃቸው ሰው ስንናገር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ባለፈው ዓመት ከመግሪብ በኋላ በምናደርገው ሐለቃ የሆነውን በማስታወስ እንጀምር። አንድ ፍሬሽ ወንድማችን ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አውጥቶ፣ አያቱ በልጅነቱ ያስተማሩትን ሐዲስ መናገር ጀመረ። ግማሹን ሳይደርስ ከመካከላችን አንዱ «ዶዒፍ ነው» አለ። ልጁ ዝም አለ። ሐለቃው ቀጠለ። እኛም ነገሩን ከሐለቃው ሳንወጣ ረሳነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ አልመጣም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ አንዳችን ካፌ ውስጥ አግኝቶት ለምን እንደቀረ ሲጠይቀው፣ መልሱ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አያቴ ውሸታም ናቸው ተባልኩ። እሳቸው ናቸው ቁርኣን ያስቀሩኝ። ምን ብዬ ልመለስ?»

ማንም አያቱን ውሸታም አላለም። በልጁ ጆሮ ግን «ዶዒፍ» ማለት «ውሸት» ማለት ነበር፤ ቃሉን የነገረው እንጂ ትርጉሙን የነገረው ሰው አልነበረም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። «ዶዒፍ ነው» ያለውን ወንድም በኋላ ስንጠይቀው፣ ሐዲሱ በምን ምክንያት ዶዒፍ እንደተባለ እሱም አያውቅም። ከአንድ ሙሓደራ ላይ የሰማውን ነበር የደገመው።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ሐለቃ ሁላችንም ተቀምጠን ነበር፤ ሁላችንም ዝም ብለናል። የዒልም ቃላት አማና መሆናቸውን ለራሳችን ለማስታወስ ነው።

«ዶዒፍ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከራሱ ከዚህ ቃል እንጀምር። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ዘገባ ሲመዝኑ በዋናነት የሚያዩት ዘገባው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ነው። ዘጋቢዎቹ ታማኞች ናቸው ወይ? የሰሙትን በትክክል ይይዛሉ ወይ? እያንዳንዱ ዘጋቢ ከበላዩ ካለው በእርግጥ ሰምቷል ወይስ በመሐል የተቆረጠ አለ? ዘገባው ከሌሎች ጠንካራ ዘገባዎች ጋር ይጋጫል ወይ? የተሰወረ እንከንስ አለበት? እነዚህን ያሟላው «ሶሒሕ» ይባላል። የዘጋቢው አያያዝ ትንሽ ዝቅ ካለ «ሐሰን» ይሆናል። ከዚህ መስፈርት የወረደው «ዶዒፍ» ነው፤ ደካማ ማለት ነው።

ደካማ ማለት ግን ውሸት ማለት አይደለም። ዘጋቢው እውነተኛና ደግ ሰው ሆኖ ማስታወሱ ደከም ያለ ሊሆን ይችላል። ወይም አንድ ታቢዒይ መካከል ላይ ከማን እንደሰማ ሳይጠቅስ በቀጥታ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘግቦት ይሆናል፤ ይህ «ሙርሰል» ይባላል። ድክመቱ ቀላል የሆነ ዘገባ በሌላ መንገድ ሲመጣ እርስ በርስ ተደጋግፎ ወደ ሐሰን ደረጃ ከፍ የሚልበት ጊዜም አለ። ተፈጥሮ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም የተነገረው ዘገባ ራሱን የቻለ ስም አለው፤ «መውዱዕ» ይባላል። ዶዒፍን በመልካም ሥራዎች ትሩፋት ላይ መጠቀም ይቻላል ወይ በሚለው ላይ ዑለሞች ተወያይተዋል፤ ከፊሎቹ በመስፈርት ፈቅደዋል፣ ከፊሎቹ ከልክለዋል። ዶዒፍ ማለት ውሸት ቢሆን ኖሮ ይህ ውይይት ራሱ ባልተነሳ ነበር።

«ገሪብ» የሚለውን ቃል ደግሞ እንይ። በተራ ዐረብኛ «እንግዳ» ማለት ነው። አንድ ሰው «ይህ ሐዲስ ገሪብ ነው» ሲባል ቢሰማ የማይታመን ነገር የተነገረው ሊመስለው ይችላል። በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ ግን ገሪብ የሚባለው በአንድ ደረጃ ላይ አንድ ሰው ብቻ የዘገበው ነው። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው፣ ሥራ የሚለካው በኒያ መሆኑን የሚያስተምረው ሐዲስ በመነሻው ገሪብ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ)፣ ከእሳቸው ዐልቀማ፣ ከዐልቀማ ሙሐመድ ኢብኑ ኢብራሂም፣ ከእሳቸው የሕያ ኢብኑ ሰዒድ ዘግበውታል፤ ከዚያ በኋላ ነው በብዙ ሰው የተሰራጨው። ኢማሙል ቡኻሪ ሶሒሓቸውን የከፈቱት በዚህ ሐዲስ ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው «የኒያው ሐዲስ ገሪብ ነው» ብለን ዝም ብንል ትክክለኛ ቃል ተናግረን የተሳሳተ ነገር አስተምረናል።

አንድ ቃል፣ ብዙ ቤት

ችግሩ ቃሉን በማያውቁት ላይ ብቻ አይደለም። የሚያውቁትም የሚጣሉበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም አንድ ቃል በየዒልሙ ዘርፍ የተለያየ ትርጉም አለው።

«ሱንና» የሚለውን እንውሰድ። የፊቅህ ደርስ የቀራ ተማሪ «ይህ እኮ ሱንና ነው» ሲል፣ ቢሠሩት አጅር ያለው፣ ቢተዉት ወንጀል የሌለበት ማለቱ ነው። የሐዲስ ሰዎች «ሱንና» ሲሉ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ንግግር፣ ተግባር፣ ያጸደቁትንና ባሕሪያቸውን ሁሉ ማለታቸው ነው። በኡሱል ከቁርኣን ቀጥሎ ያለው የሸሪዓ ማስረጃ ነው። በዐቂዳ መጻሕፍት ደግሞ የቢድዓ ተቃራኒ ነው። እንግዲህ አንዱ በፊቅሁ ትርጉም «ሱንና ብቻ ነው» ሲል፣ ሌላው በዐቂዳው ትርጉም ሰምቶ «ሱንናን አቃለለ» ይላል። ሁለቱም ያሉት በየቤታቸው ልክ ነው። አንድ ዶርም ውስጥ ሆነው ግን ሳምንት ሙሉ ይኮራረፋሉ።

«ዋጂብ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በሀገራችን የሻፊዒይ መዝሀብ የሚቀራባቸውም የሐነፊይ መዝሀብ የሚቀራባቸውም አካባቢዎች አሉ፤ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ሁሉም ተሰብስቧል። የሐነፊይ ኪታብ የቀራ ወንድም «ዊትር ዋጂብ ነው» ይላል። የሻፊዒይ የቀራው ይደነግጣል፦ «ዊትር ከአምስቱ ሶላቶች እኩል ሆነ ማለት ነው?» በሻፊዒዮች ዘንድ ከሐጅ ምዕራፍ በቀር ፈርድና ዋጂብ አንድ ናቸውና እንደዚያ ቢሰማው አያስደንቅም። በሐነፊዮች ዘንድ ግን ፈርድ በማያጠራጥር ማስረጃ የጸና ግዴታ ሲሆን፣ ዋጂብ ማስረጃው ከዚያ ደረጃ ዝቅ ያለ ግዴታ ነው። ሁለቱንም መተው ወንጀል ነው፤ ፈርድን የካደ ከእስልምና ይወጣል፣ ዋጂብን የካደ ግን አይወጣም። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ዊትርን ዋጂብ ሲሉ፣ ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ሱንና ብለዋል። አብዛኞቹ ዑለሞች ደግሞ የጠነከረ ሱንና ነው ይላሉ። እዚህ ላይ እውነተኛ የሊቃውንት ልዩነት አለ። ግን ወንድሞቻችን የሚጣሉበት ከዚያ ልዩነት በላይ ሆኖ ይሰማል፤ ትርፉ የተጨመረው ከቃሉ ነው።

የአማርኛ ጆሯችንም የራሱን ይጨምራል። «ሰነዱ ደካማ ነው» ስንል የሐዲስ ሰው የዘጋቢዎችን ሰንሰለት ይረዳል፤ ሌላው ግን «ሰነድ» ሲባል ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው የሚታየው። «ሰበብ ማድረስ ግዴታ ነው» ሲባል፣ ኡስታዙ ለውጤት የሚያደርስ ምክንያት መፈጸምን ማለታቸው ነው፤ በአማርኛ ግን «ሰበብ ፈላጊ» ማለት ማምለጫ የሚፈልግ ሰው ነው። በየዲፓርትመንታችንም ይህንኑ እናውቀዋለን። የሕክምና ተማሪ ለእናቱ «የምርመራው ውጤት ፖዘቲቭ ነው» ቢላቸው «አልሐምዱሊላህ» ሊሉ ይችላሉ፤ መልካም ወሬ የመጣ መስሏቸው። ለበሽተኛ እንዲህ መናገር ነውር መሆኑን በክፍል ተምረናል። ለዲን ወንድማችን ሲሆን ለምን እንረሳዋለን?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዴት አስተማሩ?

ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም (ረ.ዐ) የሚባሉ ሰሐባ የደረሰባቸውን ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እየሰገዱ ሳለ አንድ ሰው አነጠሰ። እሳቸውም ሶላት ውስጥ ሆነው «የርሐሙከላህ» አሉት። ሰዎች በዓይናቸው ገረመሟቸው። ግራ ገብቷቸው እንደገና ተናገሩ፤ ሰዎችም ዝም ሊያሰኟቸው ጭናቸውን በእጃቸው መቱ። ሶላቱ ሲያልቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጧቸውም፣ አልመቷቸውም፣ አልሰደቧቸውም። ሶላት የሰዎች ንግግር የሚገባበት ቦታ እንዳልሆነ፣ ተስቢሕ፣ ተክቢርና ቁርኣን መቅራት እንደሆነ ነገሯቸው። ሙዓዊያም ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደሳቸው ያለ ጥሩ አስተማሪ እንዳላዩ መስክረዋል።

ፉቀሃዎች ከዚህ ሐዲስ ብዙ አሕካም አውጥተዋል፤ ሶላትን የሚያበላሹ ነገሮች በሚለው ምዕራፍ ሁሉ ይጠቀሳል። በዚያ ሰዓት ለዚያ ሰው የተነገረው ግን የሚገባው ቃል ነበር። ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሶላት ተነገረው።

በሱረቱ ኢብራሂም አራተኛው አንቀጽ፣ አላህ እያንዳንዱን መልእክተኛ በሕዝቡ ቋንቋ የላከው እንዲያብራራላቸው መሆኑን ይነግረናል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ንግግር የሰማው ሁሉ የሚረዳው ግልጽ እንደነበረ ተናግረዋል። አነስ (ረ.ዐ) ደግሞ እንዲገባ ሲሉ ቃሉን ሦስት ጊዜ ይደግሙት እንደነበር ዘግበዋል። ኢማሙል ቡኻሪ በዒልም ምዕራፋቸው ዐሊይ (ረ.ዐ) የመከሩትን አስፍረዋል፤ ለሰዎች የሚያውቁትን እንድንነግራቸው፣ አለበለዚያ አላህና መልእክተኛው እንዲስተባበሉ ምክንያት እንዳንሆን የሚያስጠነቅቅ ምክር ነው። ያ ፍሬሽ ወንድማችን ዲኑን አላስተባበለም፣ አልሐምዱሊላህ። ከሐለቃው ግን ቀርቷል፤ መንገዱ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ታዲያ ቃላቱን እንጣላቸው?

አይደለም። ሊቃውንት እነዚህን ቃላት ለጌጥ አልፈጠሯቸውም። ኢብኑ ሶላሕ (በ643 ሂጅሪ የሞቱት) የሐዲስ ቃላትን በታወቀው መጽሐፋቸው ሲያደራጁ ያደረጉት ነገር፣ ረጅም ሐሳብን በአንድ ቃል በትክክል ለመያዝ ማመቻቸት ነው። «ኒሳብ» የሚለውን በአንድ የአማርኛ ቃል ብንተካው አንድ ነገር ይጎድላል። «ዒዳ»ም እንዲሁ። በዚያ ላይ እነዚህ ቃላት ያገናኙናል። ከጅግጅጋ የመጣችው፣ ከጅማ፣ ከሰመራና ከወራቤ የመጡት እህቶቻችን አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ይለያያል፤ «ውዱእ»፣ «ጀናዛ»፣ «መህር» ሲባል ግን ሁሉም ይሰማሉ። እንዲያውም ለአንዳንዶቻችን ከባዱ ዐረብኛው ሳይሆን በአማርኛ የተነገረው ማብራሪያ ነው። ይህንም ማሰብ ያስፈልጋል።

የቀደሙት አባቶቻችን መሐለኛውን መንገድ አሳይተውናል። በወሎ መሳጂዶች ደረሳ ኪታብ ሲቀራ ሸኹ የዐረብኛውን ቃል አንብበው ትርጉሙን በሕዝቡ ቋንቋ ይፈቱለታል፤ ቃሉም ይያዛል፣ ትርጉሙም ይገባል። ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለሞች በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ መንዙማ ገጥመው፣ ኪታብ ያልቀራው ሕዝብ ዲኑን በገዛ ቋንቋው እንዲሰማ አድርገዋል። በ1961 ዓ.ም የታተመውን የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ያዘጋጁት ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብም «ሶላት»ንና «ዘካ»ን እንዳሉ ትተው፣ የቀረውን አማርኛ ተናጋሪ በሚረዳው አነጋገር አቅርበዋል። ሕዝቡ የያዘውን ቃል ይዘው፣ ያልያዘውን ፈቱለት።

በሐለቃችን እንዲህ ብናደርግስ?

የመጀመሪያው፣ ቃሉን ስንጠራ ወዲያው በአንድ ዓረፍተ ነገር መፍታት ነው። «ኒሳብ ማለት ዘካ የሚጀምርበት ዝቅተኛው መጠን ነው፤ በወርቅ 85 ግራም ገደማ ይሆናል» ካልን በኋላ እስከ መጨረሻው «ኒሳብ» እያልን መቀጠል እንችላለን። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። የሚያውቀውን አይጎዳም፣ የማያውቀውን ግን በሐለቃው ውስጥ ያቆየዋል። መጋረጃ ወዲያ በድምፅ ማጉያ ብቻ የሚከታተሉ እህቶች ነጭ ሰሌዳው እንደማይታያቸውም እናስብ። ተጽፎ የታለፈ ቃል ለእነሱ ያልተነገረ ቃል ነው።

ሁለተኛው፣ ከየት ቤት እንደምንናገር መግለጽ ነው። «በሐነፊይ መዝሀብ ዋጂብ ነው»፣ «በፊቅሁ ትርጉም ሱንና ነው»፣ «የሐዲስ ሊቁ እገሌ ዶዒፍ ብለውታል» ማለት። ኢማሙ ቲርሚዚይ (በ279 ሂጅሪ የሞቱት) በመጽሐፋቸው «ሐሰን ሶሒሕ» ያሉትን አባባል ሊቃውንት ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ለዘመናት ተወያይተውበታል። በአንድ ሊቅ አነጋገር ላይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከተደረገ፣ እኛ በአንድ ቃል ቆርጠን መነሳታችን ምን ይባላል?

ሦስተኛው፣ ራሳችንን መጠየቅ ነው። ይህን ቃል በአማርኛ ማስረዳት እችላለሁ? ካልቻልን ምናልባት ገና አልገባንም ማለት ነው። «እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ኡስታዝ እንጠይቅ» ማለት አያሳፍርም።

አራተኛው ለሚያዳምጠው ነው። ያልገባንን እንጠይቅ። አላህ በሱረቱ ነሕል አርባ ሦስተኛው አንቀጽ የማናውቅ ከሆነ የዕውቀት ባለቤቶችን እንድንጠይቅ አዞናል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያሞገሷቸው ዓይናፋርነት ዲናቸውን ከመረዳት ስላልከለከላቸው ነው። «ምን ማለት ነው?» የሚል አንድ ሰው ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች አሥር ሰዎች ይገላገላሉ።

አምስተኛው፣ እርማት ካስፈለገ ሰውየው ይጨርስ፤ ከዚያም ከተቻለ ለብቻው እናናግረው። ከአያት፣ ከእናት፣ ከሰፈር ሸኽ የተማረውን ነገር ስናርም የምንነካው መረጃ ብቻ አይደለም።

በሰው ላይ የሚወድቁ ቃላት

ከሁሉም በላይ ልንጠነቀቅ የሚገባን ሥራን ሳይሆን ሰውን የሚፈርጁ ቃላት ናቸው፤ «ሙብተዲዕ»፣ «ፋሲቅ»፣ ከዚያም የሚከፉት። በአንድ ድርጊት ላይ የሚሰጥ ፍርድና ድርጊቱን በፈጸመው በእገሌ ላይ የሚሰጥ ፍርድ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው መሟላት ያለባቸው መስፈርቶች፣ መወገድ ያለባቸው ከልካዮችም አሉት፤ የዑለሞችና የቃዲዎች ሥራ ነው። «ቢድዓ» የሚለው ቃል ራሱ የቋንቋና የሸሪዓ ትርጉም አለው። ዑመር (ረ.ዐ) ሰዎችን በአንድ ኢማም ኋላ ለተራዊሕ ከሰበሰቡ በኋላ ያንን በበጎ ሲገልጹ ይህንኑ ቃል መጠቀማቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ብዙ ዑለሞች የቋንቋውን ትርጉም ነው የፈለጉት ብለዋል። ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም (በ660 ሂጅሪ የሞቱት) ደግሞ ቢድዓን በአምስት ከፍለው አይተዋል። ሊቃውንት ይህን ያህል የዘረዘሩትን ቃል እኛ ከሶላት በኋላ ጫማ እየፈለግን በወንድማችን ላይ የምንወረውረው ከሆነ፣ አማናውን አልጠበቅንም።

ያ ወንድማችን ተመልሷል። ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ «ዶዒፍ ነው» ያለው ወንድም ራሱ ዶርሙ ድረስ ሄዶ አነጋግሮታል። ሐዲሱንም ኡስታዝ ዘንድ ይዘን ሄድን፤ እሳቸውም መንገዱን አይተው የቱ ጋ ድክመት እንዳለው፣ የመልእክቱ ፍሬ ነገር ግን በሌላ ሶሒሕ ሐዲስ እንደመጣ በቀላል አማርኛ አስረዱን። አያቱ ያስተማሩት መልካም ነገር ነበር። ልጁም ለእረፍት አገሩ ሲሄድ ሶሒሑን ዘገባ ይዞላቸው ሄደ። እኛ ግን ያን ምሽት የጀመረውን ሐዲስ እስከ መጨረሻው ያዳመጥነው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ የምናውቀውን ለወንድሞቻችንና ለእህቶቻችን መግቢያ በር እንጂ መዝጊያ አያድርግብን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።